የአጥንት ሹል ምንድን ነው?

በሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ከጥንት የዓሣ አስጋሪዎች መንደሮች በቁፋሮ በብዛት ከሚወጡት ዕቃዎች አንዱ የአጥንት ሹል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፤ አንዱ ወይም ሁለቱም ጫፉ በድንጋይ ተፍጎ የሾለ ስንጣሪ አጥንት በመሆኑ ላየው ሰው የተሰበረ የስፌት ወስፌ ይመስላል። ለብቻው ሲገኝ ሥራውን በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። ያው ሹል በረጅም እንጨት ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ሄሪንግ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ለመውጊያ፣ ወገቡ ላይ ክር ታስሮ በዋጠው ዓሣ ጉሮሮ ለመጋረጥ፣ አለዚያም ለእንጨት መንጠቆ ጫፍነት ሊውል ይችላልና። እንጨቱና ክሩ በስብሰው ስለሚጠፉ ለተመራማሪው የሚተርፈው አጥንቱ ብቻ ነው።

ይህን እንቆቅልሽ ካቃለሉት ስፍራዎች አንዱ በዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ የሚገኘው የማካ ሕዝብ መንደር ኦዜት ነው። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት የጭቃ ናዳ ድንገት ወርዶ ቤቶቹን ከነዕቃቸው ቀበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 የባሕር ማዕበል ዳርቻውን ሲሸረሽረው ዕቃዎቹ ብቅ አሉ፤ በተከታዮቹ 11 ዓመታት ቁፋሮም ከ55,000 በላይ ቅርሶች ወጡ። እርጥቡ ጭቃ አየር ስላላስገባ እንጨቱና ገመዱ ሳይበሰብስ ቆይቷል፤ ቆፋሪዎቹም እንዳይሰብሩት ጭቃውን በውኃ ቱቦ እያጠቡ ያወጡት ነበር።

ሹሉ ብልሃቱን የሚያሳየው ሃሊበት የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በሚያዝበት መንጠቆ ላይ ነው። እንጨቱ በእንፋሎት ለስልሶ ይታጠፋል፤ አጥንቱም በአንደኛው ክንድ ላይ ጫፉ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሃሊበት ምግቡን ነክሶ አይጎትትም፤ ከውኃው ጋር ምጎ ያስገባና ያልጣመውን ይተፋዋል። ሹሉ ጉንጩን ሰርስሮ የሚይዘው ታዲያ ሲተፋ ነው። በክንዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ዓሣውን ይመርጣል፤ መንጠቆው ለትንሹ ዓሣ አፍ ይሰፋል፣ የግዙፉ ጉንጭም በክፍተቱ አይገባም። አጥንቱ ሲሰበር በሌላ ይተካል እንጂ መንጠቆው አይጣልም፤ ምናልባት የሹሉ መብዛት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ብረት በንግድ ሲገባም አስጋሪዎቹ አጥንቱን በብረት ተክተው የመንጠቆውን ቅርፅ እንደነበረ አቆይተውታል።