ፉቱራ ቦልድ ኦብሊክ

ፉቱራ ቦልድ ኦብሊክ በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ርዕሶች፣ ፖስተሮችና የንግድ ምልክቶች የሚያገለግል ወፍራምና ወደ ቀኝ ያጋደለ ፎንት ሲሆን፣ በጭረቶቹ ጫፍ ላይ በመጻሕፍት ፊደላት የሚታዩት ትንንሽ እግሮች የሉትም። መሠረታዊውን ፉቱራ የነደፈው ጀርመናዊው ፓውል ሬነር (1878–1956) ነው፤ የፍራንክፈርቱ ፊደል አምራች ባወር እ.ኤ.አ. በ1927 ለገበያ አቀረበው፣ ያዘመሙት ዝርያዎችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተሉ።

ፉቱራን ላየው ሰው በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የተሣለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቀጥ ያለ ጭረት ከክብ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ቀለሙ ተከማችቶ ጥቁር ቋጠሮ እንዳይፈጥር ጭረቱ በጥንቃቄ እንዲሳሳ ተደርጓል፤ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር የፊደሉ የውስጥ ክፍተት ስለሚጠብም ይህ እርማት በደማቁ ዝርያ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ማዝመሙም የራሱ ጣጣ አለው። አንድን ክብ በማሽን ብቻ ወደ ቀኝ ቢያጋድሉት ከላይ በስተቀኝና ከታች በስተግራ ይወፍራል፣ በተቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ ይሳሳል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ነዳፊ ያጋደለውን ክብ እንደገና በዓይኑ እየመዘነ ያስተካክለዋል። ከእጅ ጽሕፈት የተወለደው ኢታሊክ የፊደላቱን ቅርጽ ጭምር የሚለውጥ ሲሆን፣ ኦብሊክ ግን ያንኑ ቅርጽ ያጋድላል እንጂ አይለውጥም። የፉቱራ ትንሿ «ኤ» (a) ቀድሞውኑ አንድ ክብና አንድ ጭረት ብቻ በመሆኗ፣ በእኔ ግምት፣ መዝመሙ ከብዙዎቹ ፎንቶች ይልቅ ለፉቱራ ይስማማዋል።

ይህ ፎንት ለረጅም ንባብ አይሆንም። በትንሽ መጠን ሲታተም ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፤ በሦስትና በአራት ቃላት፣ በትልቅ መጠንና ፊደላቱ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ያህል ይሰማል። ይህን ጠባዩን ከማንም በላይ የተጠቀመችበት አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ባርባራ ክሩገር ናት። ቀድሞ በመጽሔት ዲዛይነርነት ሠርታ ስለነበር፣ ርዕስ አንባቢን እንዴት እንደሚይዝ ታውቅ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ላይ በቀይ መደብ ነጭ ፊደላት እያስቀመጠች ሸማችነትንና ሥልጣንን ተቸች። «እሸምታለሁ፣ ስለዚህ አለሁ» የሚል ፍቺ ያለው የ1987 ሥራዋ ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃል።

በ1994 በኒውዮርክ የተቋቋመው የልብስ ኩባንያ ሱፕሪም በዚያው መልክ፣ ማለትም በቀይ ሣጥን ውስጥ ባሉ ነጭ ፊደላት፣ የፉቱራ ቦልድ ኦብሊክ የቅርብ ዘመድ በሆነው ፉቱራ ሄቪ ኦብሊክ የተጻፈ ሎጎ መያዙ ምጸት ነው፤ ሸማችነትን ሲወቅስ የነበረው መልክ ወጣቶች ተሰልፈው የሚገዙት ዕቃ መለያ ሆነ። በአሜሪካ ሕግ የፊደል ቅርጽ ራሱ በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የፎንቱ ሶፍትዌር ነው፤ እንደ ሱፕሪም ያለ ሎጎ ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ ይዳኛል።

በግእዝ ፊደል ግን የማዝመም ልማድ አልነበረም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍ መክፈቻን ለይተው የሚያሳዩት በቀይ ቀለም ነበር። ዛሬም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የግእዝ ፊደል ፎንት ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በርካታ ዝርያዎች ቢኖሩትም ያዘመመ የለውም፤ በኮምፒውተር የማዝመሚያውን ቁልፍ የተጫነ ሰው የሚያገኘው ሶፍትዌሩ ያለ እርማት ያጋደለውን ፊደል ነው፤ የ«ዐ» እና የ«ፀ» ክቦችም ከላይ የተገለጸውን መጣመም በግልጽ ያሳያሉ። ለአማርኛ ርዕስ እንግዲህ ውፍረትና ቀለም ከማጋደል ይሻላሉ።