ፅንሱ የሰማው ሰላምታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የእመቤታችን ሰላምታ ጆሮዋ ሲደርስ «ፅንሱ በማኅፀኔ በደስታ ዘሎአልና» አለች (ሉቃ. 1፥44)። ይህን የጻፈልን ወንጌላዊ ሐኪም መሆኑን ልብ በሉ። የዮሐንስ ዝላይ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው፤ የጆሮ ነገር ብቻ አናደርገውም። ሆኖም ፅንስ በዚሁ ወር አካባቢ ለድምፅ መልስ መስጠት ይጀምራል፤ ከሁሉ አጥርቶ የሚሰማውም የእናቱን ነው፣ በገላዋ ውስጥ አልፎ ይደርሰዋልና። እንግዲህ ነፍሰ ጡር እኅቶች፣ ውዳሴ ማርያሙን በልባችሁ ብቻ አታድርሱት፤ ድምፅ አውጥታችሁ ድገሙት። ሲወለድ ያንን ድምፅ ይለየዋል።

ከወሊድ በኋላ የመጀመሪያዋን ሰዓት ማንም አይንጠቃችሁ። ሕፃኑ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ራቁቱን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ በሆዱ ይተኛ። ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፣ አፍንጫው አይታፈን፤ ራሱ ላይ ኮፍያ፣ ከላይ ለሁለቱም አንድ ጋቢ። በዚያች ሰዓት ነቅቶ ጡት ይፈልጋል፤ ቆይቶ እንቅልፍ ይጥለዋል። ላጥበው ብላችሁ ከወሰዳችሁት ይበርደዋል፣ ለመጥባትም ይሰንፋል። እጥበቱ 24 ሰዓት ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

ቢጫውን እንገር «ቆሻሻ ነው» ብለው አልበው የሚደፉ፣ በምትኩ ቅቤ የሚያልሱ ቤቶች ዛሬም አሉ። ይህን ያዘዘ ቀኖና የለም። ቅቤው ሊያንቀው፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ እንገሩ ግን ከበሽታ ይጠብቀዋል። ሕፃኑ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚጠባው የሻይ ማንኪያ ያህል ነውና «ወተቷ አነሰ» አትበሉ። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከጡቷ እስከ ፊቷ ድረስ ነው፤ ስልኩን አስቀምጡና እዩት።

ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስኪሞላ አራስ ጠያቂ ይበዛል። ገንፎውን አገንፉ፣ ሰሃኑን እጠቡ፤ ልጁን ግን ከእጅ ወደ እጅ አታዙሩት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት ፈገግ ብላ፣ ልጇን ስታይ ግን ልቧ ባዶ የሚሆንባት እናትም አለች። ኢሳይያስ «ትረሳ ይሆናል፥ እኔ ግን አልረሳሽም» ሲል (49፥15) ይህን ድካም ሳይደብቅ ተናግሯል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መባባት የብዙ አራሶች ነው፤ ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን ጤና ጣቢያ ትሂድ። ራሷን ወይም ልጇን መጉዳት ካሰበች በዚያው ቀን ውሰዷት፣ ብቻዋንም አትተዉአት። ጸሎቱ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ «እምነት አጥታ ነው» የሚላት ሰው ካለ ከአራሷ ቤት ይውጣ።