«ባሕሩን አወድስ፣ መሬቱን ግን ሙጥኝ በል»፦ የጣልያኖች አባባል ከነትርጉሙ

ጣልያንኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፣ ከምንከባከባቸው አሮጊት አፍ ነው፣ ስለዚህ ሰዋስው ሳላውቅ አባባሉ ነው ቀድሞ አፌ ላይ የገባው። ከሁሉም ውስጤ የቀረው ይሄ ነው፣ «ሎዳ ኢል ማሬ ኤ ቲየንቲ አላ ቴራ»። ሎዳ ማለት አወድስ፣ ማሬ ባሕር፣ ቴራ መሬት፣ ቲየንቲ ደግሞ ያዝ ብቻ አይደለም፣ ራስህን አጥብቀህ አስይዝ ነው፣ እኛ ሙጥኝ በል የምንለው ዓይነት።

መጀመሪያ የሰማሁት ቼዜናቲኮ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ ነው። የቦሎኛ ሰው ሀምሌ ሲገባ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ አድሪያቲክ ባሕር ነው የሚሮጠው፣ እኔም የምንከባከባቸውን አሮጊት፣ ሲኞራን ይዤ ሄድኩ። ከተማዋን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቅ ከባሕሩ የሚገባ ቦይ አለ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በፈረንጆቹ 1502 ለመስፍኑ ለቼዛሬ ቦርጂያ ሲሰራ እዚህ መጥቶ ወደቡን ስሎታል። እዛ ቦይ ውስጥ የድሮ የእንጨት ጀልባዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ የባሕርተኞች ሙዚየም ንብረት ናቸው ግን አዳራሽ ውስጥ አልገቡም፣ ውሃው ላይ ናቸው፣ ሙቀቱ ሲመጣ ሸራቸው ይሰቀላል። በናታችሁ ያን ቀለም ማየት አለባችሁ! ነጭ ሸራ ነበር የጠበቅኩት፣ ያየሁት ግን እንደ እርድ ቢጫ፣ እንደ በርበሬ ቀይ፣ መሀሉ ላይ ኮከብ፣ መስቀል፣ ፀሐይ።

ሲኞራ የአሳ አጥማጅ ልጅ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። ቀለሙ አፈር ነው፣ በባሕር ውሃ ይበጠበጥና ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ በስፖንጅ ይቀባል፣ አንደኛ ጨርቁ እንዳይሻግት ነው፣ ሁለተኛ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ምልክት ስላለው ጀልባው ገና ከሩቅ ብቅ ሲል የማን እንደሆነ ይታወቃል። ማነው የሚያውቀው? ዳር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሚስት። እናታቸው አውሎ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ወደቡ ጫፍ ሄደው ሸራ ይቆጥሩ ነበር፣ የመጣውን ሳይሆን የጎደለውን። ሲኞራ ይሄን ከነገሩኝ በኋላ ነው ጀልባዎቹን እያዩ አባባሉን ያሉት፣ «ፊሊያ ሚያ (ልጄ)፣ ሎዳ ኢል ማሬ ኤ ቲየንቲ አላ ቴራ»።

አሁን ሰው የሚጠቀምበት እንዲህ ነው። አንዱ ፐርማነንት ስራውን ለቆ ያለ የሌለ ብሩን አውጥቶ ባር ልክፈት ሲል፣ ወይ ስለ አንድ ትልቅ አጓጊ ነገር ዓይኑ እያበራ ሲያወራ፣ ሽማግሌዎቹ ይቺን ጣል ያደርጉለታል፣ አድንቀው ግን የያዝከውን አትልቀቅ ነው። አባባሉ በጣም የቆየ ነው፣ 1640 ላይ እንግሊዝ አገር በታተመ የአባባል ስብስብ ውስጥ እንኳን ተተርጉሞ ገብቷል።

ብዙ ሰው ግን የፈሪ ምክር አድርጎ ነው የሚወስደው፣ በአፍህ አሞግስ በእግርህ ሽሽ እንደማለት። እኔ በዚህ አልስማማም። ልብ በሉ፣ ትዕዛዙ ሁለት ነው፣ አወድስ የሚለውም ትዕዛዝ ነው፣ እንደውም እሱ ነው የቀደመው። እኛ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን፣ ልክ ነው፣ ግን የኛው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ውሃውን አላመሰገነም። የነሱ መጀመሪያ ምስጋናውን ክፈል ይላል።

ጀልባዎቹን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ምስጋናው እንጨቱ ላይ አለ። ብራጎጾ የሚባለው ኪዮጃ የሚባለው የቬኒስ ጎረቤት ከተማ አሳ አጥማጆች የሚታወቁበት ጀልባ ነው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው ምክንያቱም እዛ አካባቢ ባሕሩ ጥልቀት የለውም፣ መሪው ግን ትልቅ ነው፣ ከሆዱ በታች ጠልቆ ስለሚወርድ ንፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋው ያደርጋል፣ ዳር ሲደርስ ወደ ላይ ይሳባል። አፍንጫው ላይ መለከት የያዙ መላእክት ይሳሉበታል። ትራባኮሎ የሚባለው ትልቁ የጭነት ጀልባ ደግሞ ፊቱ ላይ ከእንጨት የተጠረቡ ሁለት ዓይኖች አሉት፣ ሳየው ደነገጥኩ፣ የሚያይ ነው የሚመስለው። ሰሪውን ማኤስትሮ ዳሻ ይሉታል፣ የመጥረቢያ ጌታ በሉት፣ እንጨትና እንጨት የሚገናኝበት ክፍተት ውስጥ የሄምፕ ቃጫ በመዶሻ እየተጠቀጠቀ ይገባል፣ ከላይ በቅጥራን ይለቀለቃል፣ ያው እንደ ኖኅ መርከብ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የተሰራን ነገር ነው እንግዲህ ቦራ የሚባለው የሰሜን ምስራቅ ንፋስ የሚገለብጠው።

በሌላኛው የጣልያን ጠርዝ ሊጉሪያ ውስጥ ካሞሊ የምትባል የመርከበኞች ከተማ አለች፣ ቦስኬቶ የሚባል የእመቤታችን ቤተክርስቲያን አላት፣ ከማዕበል የተረፉ መርከበኞች ስለት አድርገው ያስገቧቸው ስዕሎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ ማዕበል፣ ያዘመመ መርከብ፣ ከላይ ደመና ውስጥ እመቤታችን ከነልጇ። እኛ ስለት ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ማንም ሳያስረዳን ይገባናል። ባሕሩን በስዕል አወደሱት፣ ስዕሉን ግን መሬት ላይ ሰቀሉት። በኔ እይታ አባባሉን የወለደው ባሕር አይቶ የማያውቅ ገበሬ አይደለም፣ እንዲህ ተርፎ የመጣ ሰው ወይ ሸራ ስትቆጥር ያመሸች ሴት ናት።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ይከነክነኛል። ሙጥኝ በል የሚለው ሙጥኝ የሚባል መሬት ላለው ነው። የሲኞራ አባት እርሻ አልነበራቸውም፣ ባሕሩን ትተው የሚይዙት ምንም አልነበረም፣ አባባሉን እየተናገሩ ነጋ አልነጋ ይወጡ ነበር። የኛም ሰው እንደዛው ነው። በፈረንጆቹ 2013 ኦክቶበር መጀመሪያ ላምፔዱዛ የምትባለው የጣልያን ደሴት አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ 368 ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድም እህቶቻችን፣ ያንን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሀበሻ ጋር ዳር ላይ ቁጭ ብላችሁ የባሕሩን ውበት ብታወሩለት ፊቱን ያዞራል፣ እና ልክ ነው። አንዴ ለሲኞራ ይሄን ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ፣ ከዛ እናቴም ባሕሩን ጀርባ ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው አሉኝ።

በፈረንጆች ገና ሰሞን እነዚሁ ጀልባዎች ላይ የልደቱ ምስል ይሰራል፣ ማርያምና ዮሴፍ፣ አጠገባቸው ደግሞ አሳ አጥማጆችና ሴቶቻቸው፣ በሰው ቁመት የተቀረፁ፣ ማታ መብራቱ ውሃው ላይ ይወርዳል። ሲኞራ ብርዱን ችለው ይመጣሉ። የጀልባዎቹን ዓይነት አንድ በአንድ ይጠሩልኛል፣ ላንቻ፣ ፓራንዛ፣ ትራባኮሎ፣ ብራጎጾው ጋ ሲደርሱ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ይይዙና ከድንጋዩ ሳይለቁ ጎንበስ ብለው በዱላቸው ጫፍ አፍንጫውን ነካ ያደርጉታል።