ፈረንሳይኛ በጣና ዳር፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

ባሕር ዳር ውስጥ ፈረንሳይኛ ለመማር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ሁሌም አንድ ነው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ታዲያ ፈረንሳይኛ ይሆንልኛል?» ይላል። ጥያቄው የመጣው ከመጻሕፍቱ ነው። እጃችን የሚገባው የፈረንሳይኛ መማሪያ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚያብራራ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደ ፈረንሳይኛ መግቢያው በእንግሊዝኛ በር ብቻ ይመስለዋል።

እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይደለም የሚጀምረው። አማርኛና ፈረንሳይኛ የሚመሳሰሉበት፣ እንግሊዝኛ ግን ጭራሽ የሌለው ነገር አለ። ይህንን ቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

በአንቱታ ልጀምር። ፈረንሳይኛ «ቱ» እና «ቩ» ብሎ ይለያል። «ቱ» አንተም አንቺም ነው። «ቩ» ደግሞ እርስዎ ነው፤ እናንተም ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። የጎጃም ልጅ ግን አንቱ ማለትን የተማረው ገና ከእናቱ ጓዳ ሳይወጣ ነው። አጠቃቀሙ ላይ ግን ልዩነት አለ። እኛ አንቱ የምንለው በዋናነት በዕድሜና በክብር ነው። ዛሬ ዛሬ የፈረንሳይ ልጅ አያቱን «ቱ» ይላል፤ ማንም አይቆጣውም። በተቃራኒው ለማያውቁት ወጣት አስተናጋጅ «ቩ» ነው የሚባለው። እኛ ካፌ ገብተን ልጁን «አንተ፣ ና እስቲ» እንደምንለው ፈረንሳይ ውስጥ ቢባል ነውር ነው። ግራ ሲገባችሁ «ቩ» በሉ። ሰውየው ራሱ «ቱ እንባባል» ይላችኋል።

ሰላምታውም እንደዚሁ ለእኛ ቀላል ነው። ፈረንሳይ ሱቅ ገብቶ «ቦንዡር» ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠራል። እኛም ቤት ሰላም ሳይሉ ጉዳይ መጀመር ያስወቅሳል። ስለዚህ ለዚህ ሕግ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ቀጥሎ አሉታው አለ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። በአማርኛ «እሄዳለሁ» ስንክድ «አልሄድም» እንላለን። «አል» ከፊት ይገባል፣ «ም» ከኋላ ይዘጋል፤ ግሡ መሃል ላይ ይቀመጣል። ፈረንሳይኛም ልክ እንዲህ ያደርጋል። «ነ» ከፊት፣ «ፓ» ከኋላ። «አላውቅም» ለማለት «ዠ ነ ሴ ፓ» ይባላል። «ሴ» የሚለው ግሥ በሁለቱ መካከል ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። አማርኛ በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ም»ን ይጥላል፤ «እንደማይሄድ ነገረኝ» እንላለን። ፈረንሳዮች ደግሞ በንግግር ጊዜ «ነ»ን ይጥሉና «ፓ»ን ብቻ ያስቀራሉ። የሚጣለው ቁራጭ ይለያያል እንጂ አሉታን በሁለት ቁራጭ ማጠር የጋራችን ነው። አስተማሪ ይህን በአማርኛ ቢያስረዳ የአሥር ደቂቃ ትምህርት ነው።

ኃላፊ ጊዜውም ቅርብ ነው። «በልቻለሁ» የሚለውን ብትፈቱት «በልቼ» እና «አለሁ» ነው። በረዳት ግሥ የተሠራ ነው ማለት ነው። ፈረንሳይኛም «ዤ ማንዤ» ሲል ከዋናው ግሥ ፊት ረዳት ያቆማል። የእሱ ረዳቶች ሁለት ናቸው። ብዙው ግሥ «አለኝ» የሚለውን ይወስዳል። እንደ መሄድ፣ መምጣት፣ መወለድና መሞት ያሉ ጥቂት ግሦች ግን «ነኝ» የሚለውን ይወስዳሉ። እነዚህን ጥቂቶች በቃል መያዝ ግድ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ድምፁስ? እዚህም ስንቅ አለን። «ዠ» እና «ኝ» በፊደላችን አሉ። ፈረንሳዮች ተራራን «ሞንታኝ» ሲሉ መጨረሻው የእኛው «ኝ» ነው። የሚያስቸግሩን ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከላይ «ቱ» ብዬ የጻፍኩት ቃል ላይ ያለው አናባቢ ነው። በፊደላችን በትክክል አይጻፍም። «ኢ» እያላችሁ ከንፈራችሁን ለ«ኡ» እንደምታሾሉት አሹሉት፤ የሚወጣው ድምፅ እሱ ነው። ሁለተኛው በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ናቸው። «ቦን» ሲባል «ን»ዋ አትሰማም፤ ምላስ የላይኛውን ድድ አይነካም። ሦስተኛው «ር» ነው። የፓሪሱ «ር» ከጉሮሮ አካባቢ ይወጣል። እሱ እስኪመጣላችሁ ግን አፋችሁን አትያዙ። ብዙ የምዕራብ አፍሪካ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ «ር»ን እንደ እኛ በምላሱ ያንከባልላል፤ ማንም ፈረንሳይኛ አይችልም አይለውም።

ንባብ ላይ ደግሞ ፊደሉና ድምፁ ይለያያሉ። እኛ የጻፍነውን ሁሉ ማንበብ ለምደናል። ፈረንሳይኛ ግን ቃል መጨረሻ ላይ ያሉ ብዙ ተነባቢዎችን ይውጣል። ሆቴል የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ «ሀ» ይጻፋል፤ ሲነበብ ግን «ኦቴል» ነው። የተዋጠው ፊደል ደግሞ የሚቀጥለው ቃል በአናባቢ ሲጀምር ይነቃል። «ልጆቹ» ለማለት «ሌ» እና «አንፋን» ይገጥሙና «ሌዛንፋን» ይሆናሉ። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ቀን በጆሮ መማር ያለብን። በጽሑፍ ብቻ የተማረ ሰው ሲናገሩት አይሰማም።

ስለ ጾታ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ነው። «ጠረጴዛ ለምን ሴት ሆነ?» ይባላል። ምክንያት የለውም፤ ሆነ በቃ። እኛም ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ወጣች ስንል ምክንያት አንጠይቅም። ፈረንሳይኛ ፀሐይን ወንድ፣ ጨረቃን ሴት ያደርጋል። ዋናው ልዩነት ግን እዚህ ነው። በአማርኛ ጾታ ይለወጣል። ትንሽና ደስ የምትል ቤት ስናይ «ቤቷ» እንላለን፤ ያው ቤት ሌላ ቀን «ቤቱ» ነው። ፈረንሳይኛ ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ ስሙን ከነመስተአምሩ፣ ማለትም ከነ«ለ» ወይም ከነ«ላ» አጥኑት። መጨረሻው አንዳንዴ ይጠቁማል። «ሲዮን» እና «ኤት» ብለው የሚጨርሱ በአብዛኛው ሴት ናቸው፤ «ማን» እና «አዥ» የሚሉት በአብዛኛው ወንድ። ለጣና ሰው የሚሆን ምሳሌ ልስጥ፦ ጀልባ «ለ ባቶ» ነው፣ ወንድ። የሐይቅ ዳርቻ አሸዋ ግን «ላ ፕላዥ» ነው። በ«አዥ» ቢጨርስም ሴት ነው። ውሃም «ኦ» ይባላል፤ ሴት ነው።

በጓዳችን ያለው ፈረንሳይኛ

ሰው ሳያውቀው የሚናገረው ፈረንሳይኛ አለ። ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል ፈረንሳይኛ ነው። ቡፌ፣ ቡቲክ፣ ጋራዥ፣ ቢሮ ከዚያው ምንጭ ናቸው። የአዲስ አበባው ለገሀር «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ይህ ስም የመጣው ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ከዘረጉት ሐዲድ ጋር ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። «ፈረንጅ» ራሱ «ፍራንክ» ከሚለው ሕዝብ ስም በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። የፈረንሳይም ስም ሥሩ ያው ነው።

ከጣና አካባቢ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ከባቡሩ በጣም ይቀድማል። ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አፄ ኢያሱን ለማከም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቷል። ከዚያ በ1838 ሁለቱ ፈረንሳውያን ተጓዦች፣ የዳባዲ ወንድማማቾች፣ መጡ። አርኖ ጎጃም ውስጥ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ብዙ ቆየ፤ ያየውንም በፈረንሳይኛ ጻፈ። አንትዋን ደግሞ በ1881 ፓሪስ ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፣ ፍቺው በፈረንሳይኛ የሆነ። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። በ1932 የፈረንሳዊው ባህል አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ላይ ወራት ቆይቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይዞ ሄደ። እነሱም ፓሪስ ናቸው።

ይህን የማነሳው ቁጭት ለመቀስቀስ ብቻ አይደለም። የጎንደርን ወይም የጎጃምን ታሪክ የሚያጠና ልጅ ስለ አያቶቹ የተጻፈውን ለማንበብ ፈረንሳይኛ ያስፈልገዋል። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው «አናል ዴትዮፒ» የተባለው መጽሔት ራሱ ብዙ ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ነው። ለእኔ ቋንቋውን ለመማር ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው። የሰው ጽሑፍ ስለ እኛ ምን እንደሚል በሌላ ሰው አፍ ብቻ መስማት የለብንም።

ምን ይጠቅመኛል፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል

ዋናው ጥያቄ የሥራ ነው። ባሕር ዳር ላይ ፈረንሳይኛ የሚማረው በብዛት አስጎብኚ ወይም የሆቴል ሠራተኛ መሆን የሚፈልግ ወጣት ነው። ጢስ ዓባይ፣ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሚመጣ ፈረንሳዊ በቋንቋው የሚያስረዳው ሰው ሲያገኝ ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል። ነገር ግን ቱሪስት በቀነሰበት ጊዜ በዚህ ብቻ መተማመን ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ አፍሪካም ማየት ያስፈልጋል። ፈረንሳይኛ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የኅብረቱ መቀመጫ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋዋ አድርጋዋለች። ኪንሻሳ በሕዝብ ብዛት ከፓሪስ ትበልጣለች። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ግምት ፈረንሳይኛ ተናጋሪው በዓለም 321 ሚሊዮን ነበር። በየቀኑ ከሚናገሩት ውስጥ ከግማሽ በላዩ አፍሪካ ውስጥ ነው። ወደ ካናዳ መሄድ የሚያስቡም አሉ፤ ፈረንሳይኛ እዚያ ነጥብ ያስጨምራል።

የችሎታ ደረጃዎቹ ስድስት ናቸው፦ ከኤ1 እስከ ሲ2። ኤ1 ለመጨረስ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ትምህርት፣ ቢ1 ለመድረስ እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ወደ 600 ሰዓት እንደሚፈጅ ይገመታል። በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት የሚማር ሰው ቢ1 ለመድረስ አንድ ዓመት ተኩል ያስፈልገዋል። «በሦስት ወር አቀላጥፈህ ትናገራለህ» የሚሏችሁን አትመኑ። ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል።

ፈተናው ደልፍ ይባላል፤ የላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች ዳልፍ ናቸው። በደልፍ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ አላቸው። ለማለፍ 50 ከመቶ ይበቃል፤ በአንዱ ግን ከ5 በታች ያመጣ ይወድቃል። ዲፕሎማው ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቴሴኤፍ የሚባለው ሌላው ፈተና ግን ውጤቱ የሚሠራው ለ2 ዓመት ነው። ማመልከቻ የምታስገቡበት ቦታ የትኛውን እንደሚጠይቅ ሳታረጋግጡ አትመዝገቡ።

አሊያንስ የሚባለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ተቋም ያለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። የአዲስ አበባው የተመሠረተው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ከጣና ዳር ላለ ተማሪ ለፈተና መጓዝ አይቀርም። ትምህርቱን ግን እዚሁ መያዝ ይቻላል። የቲቪ5 ሞንድ መማሪያ አፕ በነፃ ነው። ኤርኤፍኢ ሬዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው ዕለታዊ ዜና አለ፤ አሥር ደቂቃ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት አውርዳችሁ ያዙት። ሐይቁ ዳር በእግር እየሄዳችሁ ደጋግማችሁ ስሙት። ሁለት ሆናችሁ ብትማሩ ደግሞ ይበልጣል፤ አፍ የሚፈታው ከሰው ጋር ነው።

ቁጥርና ሰዓት

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሰናከላል፤ ስለዚህ በደንብ ላስረዳ። እስከ 69 ችግር የለም። ሰባ ግን የራሱ ስም የለውም፤ «ስልሳ አሥር» ነው የሚባለው። ሰማንያ «አራት ሃያ» ነው። ዘጠና «አራት ሃያ አሥር»፣ ዘጠና ዘጠኝ ደግሞ «አራት ሃያ አሥር ዘጠኝ» ይሆናል። ቤልጂየሞችና ስዊሶች ሰባን «ሴፕታንት»፣ ዘጠናን «ኖናንት» ይላሉ፤ ይህ ለእኛ ይቀላል። ፈረንሳዮችም ሲሰሙት ይገባቸዋል። ስልክ ቁጥር ደግሞ ሁለት ሁለት እያደረጉ ነው የሚያነቡት። ሰባዎቹና ዘጠናዎቹ ሲመጡ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ ይደናገራል። የራሳችሁን ስልክ ቁጥር በዚህ መንገድ መቶ ጊዜ በሉት።

ሰዓቱ ከቁጥሩ ይብሳል። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው። አንድ የማውቀው አስጎብኚ እንግዶቹን «ጀልባው በ2 ሰዓት ይነሳል» አላቸው፣ «ደ ዘር» ብሎ። ቋንቋው አልተሳሳተም፤ አነጋገሩም ጥሩ ነበር። እነሱ ግን የገባቸው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ጠዋት ጀልባ ነጂው ነዳጅ ሞልቶ ወደቡ ላይ ሲጠብቅ ዋለ። እንግዶቹ በእነሱ ሰዓት ሲመጡ ሐይቁ ላይ የከሰዓት ነፋስ ተነስቶ ነበር፤ ዘጌ ሳይሄዱ ቀሩ። አሁን ያ ልጅ ቀጠሮ ሲይዝ ሁለቱንም ሰዓት ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከላይ «2 ሰዓት በኢትዮጵያ»፣ ከሥሩ «8 ሰዓት በእናንተ»። ወረቀቱን እንግዳው እጅ ላይ ሳያስቀምጥ ከሆቴሉ አይወጣም።