የእንጨት የቤት ዕቃ አያያዝና ጥበቃ በኢትዮጵያ

የእንጨት የቤት ዕቃ ጥበቃ እንጨትን ግንዱ ከወደቀበት ቀን አንሥቶ ከእርጥበት፣ ከነፍሳት፣ ከፀሐይና ከጭረት የማዳን ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ሙያው በአመዛኙ ከአናጢ ወደ ተማሪ በዓይንና በእጅ ሲወርድ የኖረ በመሆኑ የተጻፈው ጥቂት ነው። ገዢ የሚያየው የቫርኒሹን ውበት ነው፤ ጥሩ አናጢ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ጣውላው ምን ያህል ጊዜ እንደደረቀ ነው።

ከአገር በቀል ዛፎች ለቤት ዕቃ ዋንዛን የሚተካከል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለመጋዝና ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ሲወለወል ቡናማ ቀለሙ ይፈካል። ያለ ምስማርና ያለ ኮላ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም ብዙ ጊዜ የዋንዛ ሥራ ነው። ጥድ ሽታ ያለው ዘይቱ ምስጥን ያርቅለታል፤ ዝግባ ለስላሳና ቀጥ ያለ ቢሆንም መድኃኒት ካልነካው ፈጥኖ ይበላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከተጠበቁ ደኖች መቁረጥን ከልክሏል። አዋጁ ኋላ በሌሎች ቢተካም እነዚህ ዛፎች ብርቅ እንደሆኑ ቀርተዋል፤ ከአያት የተረፈ የዋንዛ ቁም ሣጥን ፍቆ ማደስም አዲስ የቺፑድ ዕቃ ከመግዛት የተሻለ ነው።

ከጥንቱ የእንጨት ሥራ ዛሬ የሚታየው በአመዛኙ የአብያተ ክርስቲያናት ነው፤ የደብረ ዳሞ የተቀረጸ ጣሪያና በዋሻ ውስጥ ከዝናብ የተጠለለው ይምርሐነ ክርስቶስ ይጠቀሳሉ።

የሙያው ትልቁ ክፍል ማድረቅ ነው። እንጨት የውኃ መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ ሲያንስ መኮማተር ይጀምራል። በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ እምብርቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ ጣውላው ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። መፍትሔው ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየጣሉ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር መደርደርና ጫፎቹን በቀለም ወይም በሰም መድፈን ነው። የተለመደው መለኪያ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል፤ ነፋሻ በሆነ ደጋ ያነሰ ይበቃል የሚሉም አሉ። የውኃው መጠን ከ20 በመቶ በታች ከወረደ ሻጋታና ብስባሴ አይነሣም። ደንበኛ ለሠርግ ይድረስልኝ እያለ ሲያጣድፍ ግን እርጥቡ ጣውላ ወደ ሥራ ይገባል፤ በጋ ሲመጣ መሳቢያው ይላላል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ የሚወቀሰውም ቫርኒሹ ይሆናል።

ምስጥ የሚመጣው ከአፈር ነው። ችግሩ በምዕራብ ወለጋ ጎልቶ ይታያል፤ የአልጋንና የቁም ሣጥንን እግር ከአፈር ወለልና ከጭቃ ግድግዳ ማራቅ የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ነቀዝ ግን እዚያው እንጨቱ ውስጥ አድጎ በስቶ ይወጣል። ምልክቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳና ከሥሩ የተራገፈ ዱቄት ነው። የሚፈልገው ስታርች ያለበትን የግንዱን ነጭ ክፍል ስለሆነ ነጩን ቆርጦ መጣል ከሁሉ ርካሽ ጥበቃ ነው። በውኃ የተበጠበጠ ቦራክስና ቦሪክ አሲድም ይረዳል፤ የሚሠርገው ግን ቫርኒሽ ባልነካው እንጨት ብቻ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለአጥር ቋሚ ይቀባል፤ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ማፍሰስ ግን ነውር ነው።

የመጨረሻውን ቅባት በተመለከተ፣ በቅቤ ማሸት የቆየ ልማድ ቢሆንም ቅቤ አይደርቅም፤ አቧራ ይይዛል፣ ይከረፋልም። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠነክራል፤ ኑግም ይሠራል ይባላል፣ ግን አዝጋሚ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ዘርግቶ ማድረቅ ግድ ነው። ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራውና በአልኮል የሚሟሟው ሽላክ ውበቱ ልዩ ነው፤ ትኩስ ስኒ ሲቀመጥበት ግን ነጭ ክብ ይተዋል። ስለዚህ ለረከቦት ቫርኒሽ ይሻላል፦ በ120፣ ቀጥሎም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር ፈግፍጎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እያስከተሉ ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት። ቡናው ካበቃ በኋላ የፈሰሰውን ወዲያው ማድረቅ ይገባል፤ ውኃ ቫርኒሹ በተላጠበት ጠርዝ በኩል ይገባልና።