የትኛው ኮኮን?

የእሳት እራት ኮኮን፣ ማለትም ትሉ ከሐር የሚሠራው መጠለያ፣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ነገር ነው፦ ትሉ ይገባል፣ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ቡኩላትሪክስ ማሪቲማ ላይ ግን ይህ ያሳስታል።

ይህች የእሳት እራት ክንፏ ተዘርግቶ እንኳ 1 ሳንቲ ሜትር አትሞላም። የምትኖረው በአውሮፓ ጠረፎች፣ ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ በሚያጥለቀልቃቸው ጨዋማ ረግረጎች ነው። እጯ የምትበላው የባሕር አስተር የሚባለውን ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ነው። መጀመሪያ ላይ ውጭ አትታይም። በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ገብታ እየበላች ትሄዳለች። «ቅጠል ቆፋሪ» የሚባለው ይህ ነው። ስታድግ ወጥታ ከላይ ትግጣለች።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው። የእጭ ቆዳ እንደ እኛ አብሮ አያድግም፤ ሲጠብ መጣል አለበት። አብዛኞቹ እጮች ይህን የሚያደርጉት ሜዳ ላይ ነው። ይህች ግን ለዚሁ ብላ ስስ የሐር ድንኳን ትሠራለች፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል በሉት። ቆዳዋን ቀይራ ትወጣና መብላቷን ትቀጥላለች። ባዶውን ያየ ሰው «በቃ፣ በራለች» ይላል። ገና ነች።

ፑፓ የምትሆንበት፣ ማለትም ከእጭነት ወደ ባለ ክንፍነት የምትለወጥበት ኮኮን የመጨረሻው ነው። እሱ ጠንከርና ረዘም ያለ ነው፤ በቁመቱ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደረ ሸንተረር አለው።