የጎድን ማቆሚያ፦ ጎድንን ግሪል ላይ አቁሞ መጥበስ

የጎድን ማቆሚያ ከወፍራም ሽቦ ወይም ከብረት ዘንግ የሚሠራ ቀላል ዕቃ ነው። ግሪሉ ፍርግርግ ላይ ይቀመጥና ጎድኑን መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ አቁሞ ይይዛል። አጥንቶቹ ያልተነጣጠሉ ሙሉ ጎድን ሲጋደም ብዙ ቦታ ይወስዳል። ሲቆም ግን የሚይዘው ውፍረቱን ያህል ብቻ ነው። ለዚህም ነው አንድ ወይም ሁለት ጎድን በሚያስተኛ ግሪል ላይ አራትና ከዚያ በላይ መጥበስ የሚቻለው።

ጎድን ጥድፊያ አይወድም። ሥጋውን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ቀስ ብሎ ወደ ለስላሳ ጄላቲን ካልተለወጠ አይላላም። ስለዚህ እሳቱ ከሥሩ አይሆንም። ከሰሉ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል፣ ማቆሚያው በሌላው ጎን ይቀመጣል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ጋዝ ከሆነ አንዱ ጎን ብቻ ይለኮሳል። የግሪሉ ሙቀት ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ከማቆሚያው ሥር ትሪ ቢደረግ የሚንጠባጠበውን ስብ ይቀበላል።

እንዲህ ሲሆን ሥጋውን የሚያበስለው በዙሪያው የሚዘዋወረው ትኩስ አየር ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ሁለት ጎድን ከተነካኩ የተነካኩበት ቦታ ገርጥቶ ይቀራል። ጭስም አያገኘው፣ ቅርፊትም አያወጣ። በመካከላቸው 2 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ማቆሚያው ስድስት ቦታ ስላለው ብቻ ስድስቱንም መሙላት የለብንም። ጎድኑ ወፍራም ከሆነ አንድ ቦታ እየዘለሉ ማቆም በጣም ይሻላል።

ለእሳቱ የቀረበው ቶሎ ስለሚበስል በየሰዓቱ ገደማ ቦታ ማለዋወጥ ያስፈልጋል። የዳርኛውን አጥንት ያለበትን ጎን ወደ እሳቱ ማዞር ጥሩ ዘዴ ነው፤ አጥንቱ ሥጋውን ይከልልለታል።

ከመጣዱ በፊት በአጥንቱ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ይላጣል። የማንኪያ እጀታ ከሥሩ አስገብቶ ጫፉን ማንሳት፣ ከዚያ በወረቀት ፎጣ ይዞ መሳብ ነው፤ በባዶ እጅ ያሟልጫል። ሽቦውን ዘይት መቀባት ሥጋው እንዳይጣበቅ ይረዳል። በጣም ረጅም ጎድን ደግሞ ለሁለት ቢቆረጥ ይመረጣል፤ እየላላ ሲሄድ ይጎብጣል።

ሶስ ላይ ማቆሚያው ብዙም አይመችም። ብሩሽ በጠባቡ ክፍተት አይገባም። ስኳር ያለው ሶስ ቶሎ ስለሚያርር መቀባት ያለበት መጨረሻ ላይ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲቀር ነው። ያኔ ጎድኑን አውጥቶ ማስተኛት ይቀላል። በፎይል ጠቅልሎ ማብሰል የሚፈልግም እንዲሁ፤ ከቆመ ጭማቂው ይፈስበታል።

መብሰሉ የሚታወቀው በአንድ ጫፍ በመቆንጠጫ ሲነሳ ነው። ጎድኑ ጎብጦ ላዩ ስንጥቅ ስንጥቅ ካለ ደርሷል። የአጥንቶቹም ጫፍ ከሥጋው ብቅ ይላል። ቴርሞሜትር ያለው የሥጋው ውስጥ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይጠብቅ።

ለመግዛት ላሰበ የማይዝግ ብረት ይሻላል። ሽፋን የተቀባው ከጊዜ በኋላ ሊላጥ ይችላል። አንዳንዱ ማቆሚያ ሲገለበጥ ሙሉ ዶሮ ወይም ትልቅ ሥጋ መያዣ ይሆናል፤ ይህ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ስቡ ሽቦው መገጣጠሚያ ላይ ሳይደርቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና መዘፍዘፍ ብዙ ፍግፈጋ ያስቀራል። ሁለት ጎድን ብቻ ለሚጠብስና ሰፊ ግሪል ላለው ሰው ግን ማቆሚያው አያስፈልግም፤ አስተኝቶ ቢጠብስ ሶሱንም እንደልቡ ይቀባል።